እጮኛህን ይዘህ ቸርችልን ውረድ

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር ደብዳቤ ነው፤ ግን ስለ መካካድ ወይም ስለ ቅናት አይደለም። ስለ ፈረሰ ቤት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋና ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

ጸሐፊው የ27 ዓመት ወጣት ነው። እንደ ዓምዳችን ልማድ ስሙን እንተወው። ከእጮኛው ጋር ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። “ችግሩ ልጅቷ የፒያሳ ልጅ ናት” ይላል። (ችግሩ ያለው እሱ ነው፣ እኔ የለሁበትም!) ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከእናቷ ጋር ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በታክሲ ፒያሳን ባለፉ ቁጥር ዝም ትላለች፤ አንዳንዴም ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞርና እንባዋን ትጠርጋለች። በቅርቡ የሠርጉ ፎቶ የት ይነሣ ብለው ሲማከሩ እሱ የአንድ ሆቴል ግቢ መረጠ። እሷ ፒያሳ አለች። እሱም “ምኑ ቀርቶ? ደግሞ ለዚያ ሁሉ አባወራ አንድ ሽንት ቤት ለነበረው ግቢ ይለቀሳል እንዴ?” አላት። ቀለበቷን አላወለቀችም፤ ስልኳን ግን ዘጋችበት። አሁን የሚጠይቀኝ፦ ይቺ ልጅ ጤነኛ ናት ወይ? ከተጋባንስ በኋላ ይለቃት ይሆን?

ወንድሜ፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት።

አንተም ብትሆን ሙሉ በሙሉ ከመንገድ አልወጣህም። ስለ ሽንት ቤቱ ያልከው እውነት ነው። የፒያሳ የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ሲገባ ከጣሪያው ሥር ባልዲ ይደረደራል፣ ውሃ ሲመጣ ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን ይሞላል፣ ጭቃው ግድግዳ በየዓመቱ ይመረጋል። በራፏ ላይ ቧንቧ ያገኘች እናት “እሰይ” ብትል ማን ይፈርድባታል? ሳይኖሩበት፣ ፎቶውን ብቻ እያዩ “ወይ የድሮ ፒያሳ!” የሚሉ ሰዎች እኔንም ያናድዱኛል። ግን እጮኛህ የምታለቅሰው ለጭቃው አይደለም። ለምን እንደሆነ በወረቀት ላስረዳህ ብሞክር አይገባህም፤ በእግር ነው የሚገባው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልህ። ልጅቷን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር በእግርህ ውረድ። ታክሲ የለም፣ ራይድ የለም። ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ነው፣ አይደክምም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ወጪህ ሁለት ማኪያቶ! ከሆቴሉ ግቢ ኪራይ በስንት ጣዕሙ።

መጀመሪያ ላይ፣ ከመውረድህ በፊት፣ ማዘጋጃ ቤቱን በጀርባህ አድርገህ ቁም። እኔ አርክቴክት አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የምተዳደር ሰው ነኝ። ግን አንድ ነገር ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም። ይህ ጎዳና ራስና እግር አለው። አብዛኞቹ ሰፋፊ አስፋልቶቻችን ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱ የታክሲው ረዳት ካልጮኸልህ አታውቅም። ቸርችል ግን ላይም ታችም የሚጠብቅህ አለ። ከላይ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። በ1950ዎቹ አርቱሮ ሜዘዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ነው የነደፈው፤ አፍሪካ አዳራሽም የሱ ሥራ ነው። ከታች ደግሞ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ጣቢያ አለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው ወጥቶ ቀና ሲል ከተማዋ ዳገቱ ላይ ተዘርግታ ትጠብቀዋለች ማለት ነው። እንግዳ አቀባበል በድንጋይና በዳገት ሲሠራ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ዞር በል። አራዳ ጊዮርጊስ እዚያ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራ። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12ቱ ግፍ ጊዜ እሳት ለቀቁበት። ፊት ለፊቱ በፈረስ የተቀመጡት ምኒልክ ናቸው፤ ሐውልቱ የቆመው በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ጊዜ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አውርዶ ደበቀው፤ ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። አጠገባቸው ደግሞ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ገብተህ ካላየኸው አስጎብኛት፤ የሠርግ ወጪ ላይ ያለ ሰው በዚህ አይሰስትም።

“አራዳ” የምትለዋን ቃል አስበሃት ታውቃለህ? “አራዳ ልጅ ነው” ስንል ነቄ፣ ዓይኑ የበራ፣ ከተማ ያሳደገው ማለታችን ነው። ቃሉ ከየት መጣ? ከዚህ ሰፈር ነው። ከጣሊያን በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚህ ጊዮርጊስ ሥር ነበር። አገሬው ሁሉ ማር፣ ቅቤ፣ ጨርቅ፣ ወሬ ይዞ የሚገናኝበት። ጣሊያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ነቅሎ “የአገሬው ተወላጅ ገበያ” ብሎ ለየው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። ሰፈሩን ደግሞ ለራሱ “ፒያሳ” አለው፣ አደባባይ እንደማለት። እሱ በ1933 ዓ.ም. ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። እኛም ሁለቱንም ስም ወሰድናቸው፤ አራዳነትንም ማኪያቶውንም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ጠላት የከፈተልህን አደባባይ የራስህ መዝናኛ ማድረግ።

የፒያሳ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። ንድፉን አርመኑ ያወጣው፣ እንጨቱን ሕንዱ የጠረበው፣ ሱቁን ግሪኩ የከፈተው፣ ድንጋዩን አበሻው ተሸክሞ የካበው ቤት ሞልቶ ነበር። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ ወደ ጎዳናው የወጣ የእንጨት በረንዳ። እስቲ ስለ በረንዳው ትንሽ እናውራ፤ የእጮኛህ እንባ ያለው እዚያ ይመስለኛልና።

አዲስ አበባ ዝናብ የሚደበድባት ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ሰዓት የሚያቆምህ ዝናብ አለ። በድሮው ፒያሳ ዝናቡ ሲመጣ ሁለት እርምጃ ብቻ ሮጠህ በረንዳ ሥር ትገባለህ። እዚያ ማን አለ? ሎተሪ አዟሪው፣ የወርቅ ቤቱ ሠራተኛ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ጡረተኛ። የማታውቀው ሰው “ኧረ ዘንድሮስ ከበደ” ይልሃል። ትመልሳለህ። ስንቱ ትዳር በረንዳ ሥር እንደተጀመረ ብንቆጥር! አሁን ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሥር ቁም። ዝናቡ በመስታወቱ ተንሸራቶ አናትህ ላይ ነው የሚወርደው። ዘበኛው ደግሞ “ወንድም፣ ከበሩ ፈቀቅ በል” ይልሃል። ልዩነቱ የፎቁ ብዛት አይደለም። አንዱ ቤት ሲሠራ መንገደኛው ታስቧል፣ ሌላው ሲሠራ አልታሰበም። አለቀ።

ልጅቷ “ፒያሳ” ስትል እንግዲህ ይህን ሁሉ ማለቷ ነው። የቤቷ ግድግዳ ጭቃ ቢሆንም በሯን ስትከፍት የምታገኘው ከተማ ነበር። ሲኒማ ቤቱ በእግር፣ ትምህርት ቤቱ በእግር፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በእግር፣ ቡናው በእግር። ቀለበት ለማሠራት አገር ሁሉ የሚመጣበት ወርቅ ቤት ጎረቤቷ ነበር። ዛሬ ለዚያው ሁሉ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ለጠፋው ጊዜዋ ብታለቅስ እንኳ ምክንያት አላት!

በል እንውረድ። ዳገቱን ሳትለቅ ቶሞካ ጎራ በል፤ ከተከፈተ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቡናህን ቆመህ ጠጣ፣ እዚያ ወጉ ነው። ከዚያ ቁልቁል። መንገዱ ራሱ በ2013 ዓ.ም. እስከ መስቀል አደባባይ ታድሷል፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ይሄን በደንብ አድርጌ አመሰግናለሁ። ቸርችል ላይ ከመኪና እየተሻሙ መሄድ ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አያጉረመርምም። የኔ ቅሬታ ሌላ ናት፤ አሁን በየሰፈሩ አንድ ዓይነት መብራት፣ አንድ ዓይነት ንጣፍ፣ አንድ ዓይነት ዘንባባ ሲደረደር ዓይንህን ጨፍነህ ብትወርድና ብትገልጠው ቦሌ ትሁን ፒያሳ አታውቅም። ንጹሕ መሆን ጥሩ ነው። ንጹሕ የሆነ ከተማ ግን ዓለም ላይ ሞልቷል። እንግዳ ሦስት አውሮፕላን ቀይሮ የሚመጣው ሌላ ቦታ የማያገኘውን ሊያይ ነው፤ አንተም ልጅህን ይዘህ የምትወጣው ለዚያው ነው።

ቸርችል ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለው። በግማሽ ሰዓት ቁልቁለት ውስጥ ዘመኖቻችን ሁሉ ተሰልፈው ይጠብቁሃል። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ቆሟል። ዋናው ፖስታ ቤት አለ፤ ድሮ ፍቅረኞች ደብዳቤ ሲጠብቁ የሳጥን ቁልፍ ይዘው የሚመላለሱበት። ሊሴ ገብረማርያም አለ፤ ስሙን ያገኘው ከአርበኛው ደጃዝማች ገብረማርያም ነው። ወረድ ስትል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የትግላችን ሐውልት አሉ።

ትግላችን ላይ ቁሙ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር የተመረቀ ነው፤ ሰሜን ኮርያዎች አግዘው ሠሩት። ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ፣ ጎንና ጎኑ ላይ የነሐስ ቅርጽ፣ አጠገቡ ደግሞ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች ፎቶ። እኔ ያን ዘመን አልኖርኩበትም፤ የኖሩበትን ግን ጠይቄያለሁ። በዚያ ሐውልት ሥር ሲያልፍ ፊቱን የሚያዞር ሰው አለ፣ ልጁን የቀበረ። “ወንድሜ እዚህ አለ” ብሎ ቆሞ የሚያይም አለ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ሐውልቱ አብሮ ቢወድቅ ብዙ ሰው ባጨበጨበ። አልወደቀም። ስላልወደቀም ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ “አባዬ ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ አባትየውም ወደደም ጠላም መመለስ አለበት። ቅርስ ማለት የምንወደው ብቻ ነው ያለው ማነው?

ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስትደርስ ከፊቱ ያለውን የድንጋይ አንበሳ አሳያት። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው የቀረጸው፤ ቴአትር ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ ነው የቆመው። ሕንፃውን የጨረሰው ሌላው ፈረንሳዊ አንሪ ሾሜት ነው። ያ ክብ የሆነው የንግድ ባንክ ሕንፃም የሱ ነው። እዚህ ጋ እባክህ ቀስ በል፤ ለክርክራችሁ መልሱ እዚህ አለ። ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ አስመረቀ፤ የአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ ነው። ክቡ ሕንፃ ግን አልፈረሰም። ልጅ አባቱን በቁመት በልጦ ጎኑ እንደሚቆም ሁሉ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ለባንክ የተቻለው ለሰፈር ለምን አይቻልም? እንጨት በረንዳውን ጠግኖ፣ ከኋላው ሽንት ቤትና ኩሽና ጨምሮ፣ ነዋሪውን እዚያው ማቆየት ገንዘብ ይጠይቃል፤ አልክድም። ሁሉም ቤት ይትረፍም አልልም፤ ያረጀ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ግን መለየት ያስፈልጋል፣ ለመለየት ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ነዋሪውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የቅርስ አዋጅ ያለን ዛሬ አይደለም፤ ቁጥር 209/1992 እነሆ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ቤትን በስሙ ይመዘግባል። የፒያሳ ነገር ግን አንድ ቤት አልነበረም፤ ቤቱ፣ በረንዳው፣ ሱቁና ሰዉ አንድ ላይ ነበር። ሁለት ቤት “ቅርስ ነው” ብለህ አቁመህ ዙሪያውን ብታጸዳው፣ ጥርሱ ሁሉ ረግፎ ሁለት የወርቅ ጥርስ እንደቀረው አፍ ይሆናል።

“ይሄ ለፈረንጅ ነው እንጂ ለኛ አይሆንም” የሚሉኝ አሉ። ሐረር ጀጎልን ሂዱና እዩ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሰዉ ዛሬም በውስጡ ይወልዳል፣ ይድራል፣ ቡና ያፈላል። አስመራም እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲሁ ተመዝግባለች፤ የተመዘገበችው ደግሞ በቤተ መንግሥት ወይም በገዳም አይደለም፤ በሲኒማ ቤቶቿ፣ በቡና ቤቶቿ፣ በነዳጅ ማደያዋ ነው። እነዚያን የሠራቸው ያው ፒያሳን “ፒያሳ” ያለው ጣሊያን ነው። ፈርሶስ ያበቃ? ዋርሶን እንይ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች አሮጌውን ከተማ ድንጋይ በድንጋይ አወደሙት። ፖላንዶች መልሰው ገነቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነ። እንዴት ቻሉ? የአርክቴክቸር ምሁራንና ተማሪዎች ቤቶቹን አስቀድመው ለክተው፣ ሥለው፣ ወረቀቱን ደብቀው አቆይተው ነበር። የአሮጌ ሠዓሊ ሥዕሎችም አገዟቸው።

እዚህ ላይ ነው የአንተና የእጮኛህ ነገር የሚመጣው። ስለ ዶሮ ማነቂያ ማን ወረቀት አለው? የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን ብዛት፣ የማን ቤት ከማን ቤት ጎን እንደነበረ የሚያውቀው አማትህ ልትሆን ያለችው ሴትዮ ናት። ልጅቷም ናት። አንተ “ምኑ ቀርቶ?” ስትላት እኮ የቀረው እሷ ጭንቅላት ውስጥ መሆኑን ረስተህ ነው። ስልኳን የዘጋችብህ ለዚህ ይመስለኛል።

ለገሃር ስትደርሱ የይሁዳ አንበሳን ታገኛላችሁ። ጣቢያው ፊት የቆመው ለ1923ቱ ንግሥ ነው። ጣሊያን ጭኖ ሮም ወስዶት ነበር፤ ቆይቶም ቢሆን ተመለሰ። ባቡሩ ራሱ ዛሬ ከዚህ አይነሣም፤ አዲሱ መስመር ጣቢያው ከከተማው ዳር ነው። እዚያ አንበሳው ሥር ተቀመጡና ይቅርታ ጠይቃት። “ሐሳቤን ለወጥኩ” ማለት የለብህም፤ ስለ ሽንት ቤቱ ልክ ነህ ብያለሁ። ይቅርታ የምትጠይቀው ስለተናገርክበት አኳኋን ነው። ቀጥለህ ከኪስህ ደብተርና እስክሪብቶ አውጣና “ቤታችሁን ሣይልኝ” በላት። በሩ የት ነበር፣ አልጋው የት፣ የጎረቤቷ ልጅ የሚጮህበት መስኮት የት፣ ቡና የሚፈላው በየትኛው በረንዳ ላይ። ካልቻለች እሑድ እናቷ ዘንድ ይዘሃት ሂድ፤ ባዶ እጅህን ግን አይሆንም፣ ኪሎ ስኳርና ቡና ያዝ። እማማ ሲያወሩ አታቋርጣቸው። በስልክህ ቅዳቸው፤ አስፈቅደህ ነው ታዲያ። አልበም ካላቸው እያንዳንዱን ፎቶ አንሣው። የልደትና የሠርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ስንት የፈረሰ ግድግዳ እንዳለ ስታይ ትገረማለህ።

ለሌሎቻችሁም፣ ደብዳቤ ላልጻፋችሁልኝ፦ አያታችሁ ያሉበት አሮጌ ቤት እስካሁን ቆሞ ከሆነ ይህን ለማድረግ እስኪፈርስ አትጠብቁ። ሜትር ከባለሱቅ ተዋሱ። በር፣ መስኮት፣ ጣሪያ ለኩ። የአርክቴክቸር ተማሪ ጓደኛ ያላችሁ ምሳ ጋብዙትና ይርዳችሁ።

የሠርጉን ፎቶ በተመለከተ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ልጅቷ ትቅደም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ መኪናው ሳይበዛ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ አንድ፤ ጊዮርጊስ አጥር ሥር አንድ። የሆቴሉን ግቢ ለሚዜዎቹ ተውላቸው። ቁልቁለቱን በቬሎ ስትወርድ የቀሚሱን ጫፍ የሚይዝላት ሰው መድብ። ባለተረከዝ ጫማዋን ቦርሳ ውስጥ ከታ ነጠላ ጫማ ታድርግ፤ ንጣፉ አዲስ ነው፣ ጠዋት ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል።